የአማቴ ቆጮ በላቦራቶሪ

ዶክተሯ ቁርስ ሳልበላ እንድመጣ፣ ስመጣም ቆጮ እንድይዝ ስትነግረኝ የምትቀልድ መስሎኝ ነበር።

«ቆጮ?» አልኳት።

«አዎ፣ ቆጮ። እቤትሽ የምትበዪውን ዓይነት።»

«ለማን ነው?»

«ላንቺ ነዋ! እዚሁ ፊቴ ትበያለሽ። ከዚያ ደምሽንና ሽንትሽን እያየን ስኳሩ ምን ያህል እንደሚወጣ እንከታተላለን።» ሳቄን ስታይ እሷም ፈገግ አለች። «የተማርኩበት አገር ስለ ድንችና ስለ ዳቦ የተጻፈው ተነቦ አያልቅም። ስለ ቆጮ ግን አንድ መስመር ፈልጌ አጣሁ። ታዲያ ለዚህ አገር ስኳር በሽተኛ ምን ብላ ልበለው?»

ያኔ የአራት ወር ነፍሰ ጡር ነበርኩ። ስኳር በሽታው ከያዘኝ ደግሞ ዓመታት አልፈዋል። የጀመረኝ መምህራን ማሠልጠኛ ሳለሁ ነው። ውሃ ጠጥቼ የማልረካ፣ በልቼ የምከሳ ልጅ ሆንኩና አንድ ቀን መማሪያ ክፍል ውስጥ ወደቅሁ። አዲስ አበባ ወስደው ኢንሱሊን አስጀመሩኝ። ከሆስፒታሉ ስወጣ አንድ ሽማግሌ ሐኪም መርፌውን እንዴት እንደምወጋ ካሳዩኝ በኋላ መነጽራቸውን አውልቀው፣ «አንድ ነገር ልንገርሽ፤ ልጅ መውለድ የሚባለውን ከሐሳብሽ አውጪው። ኩላሊትሽ አይችለውም» አሉኝ። ሃያ ዓመት አልሞላኝም ነበር። እሺ ብዬ ወጣሁ። በዚያ ዕድሜ ልጅ መውለድ ሩቅ ነገር ስለነበረ ብዙም አላሳዘነኝም።

ያሳዘነኝ በኋላ ነው። የከምባታ፣ የአንጋጫ ልጅ ብሆንም የተመደብኩት ሆሳዕና ነበር። እዚያ አራተኛ ክፍል ሳስተምር በአውራጃው ግብርና ጽሕፈት ቤት የሚሠራ የሐዲያ፣ የፎንቆ ልጅ አገኘሁ። ከመጋባታችን በፊት መርፌውንም፣ ሐኪሙ ያሉኝንም ነገርኩት። «እኔ የማገባው አንቺን ነው» አለኝ። ከዚያ በኋላ ነገሩን አንስቶብኝ አያውቅም። እናቱ ግን ሳይናገሩም ያነሱት ነበር። ከፎንቆ በመጡ ቁጥር ሆዴን በዓይናቸው ይለኩታል፤ ተንፍሰው ወደ ጓዳ ይገባሉ።

የወር አበባዬ ሲቀር ለማንም አልተናገርኩም። ደስ ብሎኝም ነበር፣ ፈርቼም ነበር፤ የትኛው እንደሚበልጥ አላውቅም። ለባሌ የነገርኩት ከሥራ ስንመለስ መንገድ ላይ ነው። ቆሞ ቀረ። «ታዲያ ምን ይሻላል?» አለኝ። በዚያው ሳምንት ጎረቤቴ የሆነች ነርስ፣ «አንዲት ዶክተር መጥታለች። ከውጭ አገር ነው የተማረችው። እርግዝና ላይ ስኳርና ኩላሊት የሚታመሙ ሴቶችን እየፈለገች ነው» አለችኝ። እየፈለገች ነው የሚለው ቃል ገረመኝ። እስከዚያ ቀን ሐኪሞች እንደኔ ያለችውን ሲያዩ ፊታቸውን ያጠቁራሉ እንጂ የሚፈልገን አላጋጠመኝም።

ዶክተሯ ቀጭን፣ ረጅም፣ ፀጉሯን አጭር የተቆረጠች ሴት ነበረች። ከእኔ ብዙም አትበልጥም። ከአንዱ የሶሻሊስት አገር ተምራ እንደመጣች፣ ወደ ሆሳዕና ስትመደብ ብዙዎች እንዳዘኑላት፣ እሷ ግን ራሷ ጠይቃ እንደመጣች ኋላ ሰማሁ። ጉዳዬን ጨርሳ እስክትሰማ አላቋረጠችኝም።

«አዲስ አበባ ያሉሽ ሐኪም ውሸት አልነገሩሽም» አለችኝ መጨረሻ ላይ። «አደጋ አለው። ላንቺም ለልጁም። እኔም ዋስ ልሆንሽ አልችልም።»

«እሺ» አልኩ።

«ግን ስኳሩን አጥብቀን ከያዝነው፣ ግፊትሽንና ሽንትሽን በየሳምንቱ ካየን፣ ልጁንም ጊዜው ሳያልፍ ካወጣነው ብዙ ሴቶች ይወልዳሉ። ወልደው ያየኋቸው አሉ። እዚህ አገር ግን ማንም ተከታትሎ የጻፈ የለም። አብረን እንሥራ?»

አብረን የሚለውን ስትል እኔም አንድ ነገር የማበረክት ሰው ሆንኩ። እሺ አልኳት።

አማቴ ወሬውን እንደሰሙ ከፎንቆ ጓዛቸውን ጠቅልለው መጡ። አንድ ቀፎ ማር፣ ቅቤ በቅል፣ የቡላ ጥቅልል፣ ከራሳቸው የማብላያ ጉድጓድ የወጣ ቆጮ። እርጉዝን ማብላት የእሳቸው ሥራ ነው፤ በዚህ ላይ ማንም አይከራከራቸውም። ከሁሉም የሚያስቀድሙት አተካና የሚባለውን፣ ቡላ በቅቤና በወተት እየተማሰለ የሚሠራውን የሐዲያ የክብር ምግብ ነው። ሙሽራ ይበላዋል፤ አራስ ትበላዋለች፤ የከበረ እንግዳ ይበላዋል። እኔ ከሁለት ማንኪያ በላይ አልበላም ስላቸው በሐዲይኛ ለልጃቸው አንድ ረጅም ነገር ተናገሩ። ልጃቸው አልተረጎመልኝም።

«ምን አሉ?» አልኩት።

«ምንም።»

«ንገረኝ እንጂ!»

«ልጄን በረሃብ የምትገድል ሐኪም የት ነች፣ ላናግራት ነው ያሉት።»

አናገሯትም። ዶክተሯ አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ራሷ ቤታችን መጣች። አማቴ አማርኛን ያወቁት ጎልማሳ ሆነው፣ ገበያ ላይ ነው፤ ወንድና ሴት ሁልጊዜ ይምታታባቸዋል። ተነሥተው እጇን በሁለት እጃቸው ያዙና፣ «አንተ ነህ ሐኪሙ?» አሏት።

«አዎ፣ እማማ። እኔ ነኝ።»

«ለምን ቡላ ትከለክላለህ? ቡላ ምን አደረገህ?»

ባሌ ከት ብሎ ሊስቅ ሲል አፉን በእጁ ያዘ። ዶክተሯ ግን አልሳቀችም። በርጩማ ስባ አጠገባቸው ተቀመጠችና የስኳር በሽታ ምን እንደሆነ፣ እናትየው ደም ውስጥ የበዛው ስኳር ወደ ልጁ እንደሚያልፍ፣ ልጁ ከመጠን በላይ እንደሚገዝፍ፣ አንዳንዱም ሆድ ውስጥ እንደሚሞት ቆም ቆም እያለች፣ ባሌ እየተረጎመ አስረዳቻቸው። አማቴ ሁሉንም ሰሙ። ሲያበቁ፣ «ቡላ ስኳር የለውም። እኔ ስኳር አልጨመርኩም» አሉ።

«እውነትዎን ነው» አለች ዶክተሯ። «ሆድ ውስጥ ገብቶ ነው ስኳር የሚሆነው። ምን ያህሉ እንደሚሆን ግን እኔም አላውቅም። ለዚህ ነው ቆጮውንም ቡላውንም መፈተን የምፈልገው። ይረዱኛል?»

ከዚያች ቀን በኋላ አማቴ የዶክተሯ ሰው ሆኑ።

ለፈተናው ቀን ቆጮውን እኔ ከገበያ ልግዛ ስል ተቆጡኝ። የገበያ ቆጮ ለፈተና አይሆንም። ራሳቸው ጨምቀው፣ ራሳቸው በኮባ ጠቅልለው፣ ራሳቸው ጋግረው፣ ከጎመንና ከአይብ ጋር በቅርጫት ይዘው ከእኔ ጋር ሆስፒታል መጡ። ላቦራቶሪ የምትባለው ክፍል ጠባብ ነበረች፤ አንድ መስኮት፣ አንድ ረጅም ጠረጴዛ፣ የአልኮል መብራት። ዶክተሯ ቆጮውን በሚዛን መዝና ሰጠችኝ። እኔ ስበላ አማቴ በር ላይ ቆመው እያንዳንዷን ጉርሻ ይከታተላሉ። ደም ተወሰደ፤ ሽንት ሰጠሁ፤ ቆይቶ እንደገና ሰጠሁ። ዶክተሯ የሽንት ጠብታ ሰማያዊ ፈሳሽ ባለበት የብርጭቆ ቱቦ ውስጥ ጨመረችና እሳቱ ላይ አፈላችው። ሰማያዊ ሆኖ ከቀረ ስኳር የለም፤ አረንጓዴ ከሆነ ትንሽ አለ፤ ቢጫ፣ ብርቱካን እያለ ሲሄድ ይብሳል፤ እንደ ሸክላ ከቀላ በጣም ብዙ ነው። ይህንን እኔ ለዓመታት አውቀዋለሁ። አማቴ ግን የመጀመሪያቸው ነበር።

ቱቦው አረንጓዴ ሆነና እዚያው ቆመ።

«ይኸው!» አለች ዶክተሯ። ድምፅዋ እንደ ልጅ ሆነ። «ከአይብና ከጎመን ጋር፣ በልክ ሲሆን ሰውነትሽ ይችለዋል።»

በሌላ ቀን ቡላው ተፈተነ። የዚያን ቀን ቱቦው አረንጓዴውንም ቢጫውንም አልፎ ቀላ። አማቴ ቀረብ ብለው አጎንብሰው አዩት። ለረጅም ጊዜ አዩት።

«የኔ ቡላ ነው እንዲህ የቀላችው?»

«አዎ፣ እማማ።»

አንገታቸውን ነቀነቁ። እቤት ስንደርስ የቡላውን ጥቅልል አንሥተው ለጎረቤት ሰጡ። ከዚያ ወዲያ ቤታችን የመጣ ሰው ሁሉ ቡላ እንዴት እንደሚቀላ በሐዲይኛ ይነገረው ነበር።

ዶክተሯ በእኔ ብቻ አልቆመችም። «በአንድ ሰው ምንም አይረጋገጥም» ትለኝ ነበር። ሌሎች ስኳር በሽተኞችንም እየጠራች ፈተነች። ከስኳሩ ሌላ ደግሞ በእርግዝና እግራቸው፣ ፊታቸው የሚያብጥ ሴቶችን ትፈልግ ነበር። ሽንታቸው ውስጥ ፕሮቲን መውጣት ሲጀምር፣ ግፊታቸው ሲያሻቅብ ካልተደረሰላቸው በድንገት ይንቀጠቀጣሉ፣ ራሳቸውን ይስታሉ፣ ብዙዎቹም ይሞታሉ። ሰው ዛር ነው፣ ጋኔን ነው ይላል። እሷ የምትጠይቀው ሁለት ነገር ነበር። አስቀድሞ በሽንት ምርመራ ማወቅ ይቻላል? ከወሊድ የተረፈችው ሴትስ ኩላሊቷ ይመለሳል? ለዚህ ስትል በገበያ ቀን በሆስፒታሉ ላንድሮቨር ዳምቦያ፣ ዶዮገና ትወጣለች። ከምባትኛ የምትናገር ሰው ስለምትፈልግ ትምህርት በሌለበት ቀን እኔ አብሬያት እሄድ ነበር።

ዶዮገና የመጀመሪያው ቀን አንዲትም ሴት ሽንት አልሰጥም አለች። ክሊኒኩ ደጃፍ ተሰብስበዋል፣ ግን አንዷም አትገባም። እኔ ወጥቼ ምን ሆናችሁ ብዬ ጠየቅሁ። አንዷ ዙሪያዋን ገልመጥ አድርጋ ቀስ ብላ ነገረችኝ።

«ሽንቱ አዲስ አበባ ተወስዶ ወንድ ያረገዘችው ትለያለች አሉ። ወንዱ ከሆድ ሳለ ለብሔራዊ ውትድርና ይመዘገባል።»

ለዶክተሯ ስተረጉምላት አፏን ከፍታ አየችኝ። ልሳቅ ብላ ተወችው፤ የሚያስቅ አልነበረም። በዚያ ጊዜ ልጆች ከገበያ፣ ከመንገድ እየታፈሱ ይሄዱ ነበር፤ ሴቶቹ መፍራታቸው እብደት አይደለም። እኔ ትንሽ አሰብኩና ሆዴን ወደ ፊት አድርጌ መሀላቸው ገባሁ። «እኔም እርጉዝ ነኝ። የኔን ሽንት ፊታችሁ ታፈላዋለች። አፍልታ ስትጨርስ ትደፋዋለች። እዩ» አልኳቸው። አመጣሁ። ዶክተሯ የአልኮል መብራቱን ደጅ አውጥታ ድንጋይ ላይ አስቀመጠችና የቱቦውን ጫፍ አፈላች። ጥርት እንዳለ ቀረ። «ፕሮቲን ቢኖር እንደ ወተት ይደፈርስ ነበር» ብዬ ተረጎምኩ። ከዚያ ዶክተሯ ቱቦውን ሳር ላይ ገለበጠችው። ሴቶቹ ተያዩ፤ ተሳሳቁ። አንዷ ጣሳ ጠየቀች። ከሰዓት በኋላ ሰልፉን መቆጣጠር አልቻልንም።

ከእነሱ መካከል ቅቤ ልትሸጥ የመጣች አንዲት ሴት ነበረች። ፊቷ አብጦ ዓይኖቿ ትንንሽ ሆነዋል። ራሴን ያመኛል፣ ዓይኔ ላይ ብልጭ ብልጭ ይልብኛል አለች። የእሷ ቱቦ ሲፈላ ሙሉ በሙሉ እንደ እርጎ ረጋ። ዶክተሯ ግፊቷን ለክታ ወዲያው ተነሣች። «አሁኑኑ ይዘናት እንሂድ» አለችኝ። ሴትየዋ ቅቤዬን ሳልሸጥ አልሄድም ብላ ተከራከረች፤ እኅቷ ቅቤውን ተረከበቻትና መኪናው ውስጥ አስገባናት። መንገድ ላይ እጄን ይዛኝ ሳለ ጣቶቿ ድንገት ደረቁ፤ ዓይኗ ወደ ላይ ሄደ፤ መላ ሰውነቷ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ዶክተሯ መኪናውን አስቁማ በጎኗ አስተኛቻትና መርፌ ወጋቻት። እኔ እግሮቿን ይዤ አለቅስ ነበር። የማለቅሰው ለእሷ ብቻ አልነበረም።

ሆስፒታል በነጋታው አዋለዷት። ልጁ ትንሽ ነበር፤ ግን አለ። እሷ ስትነቃ ዓይኗ አያይም። ልጇን በእጇ ትዳስሳለች። ዶክተሯ፣ «ብዙ ጊዜ ይመለሳል፤ ንገሪያት» አለችኝ፤ ነገርኳት፤ አላመነችኝም። ሌላ ቀን ልጠይቃት ስገባ ከሩቅ ቀና ብላ ተመለከተችኝ።

«ቀይ ሹራብ ለብሰሻል» አለችኝ።

አልጋዋ ላይ ቁጭ አልኩና ሁለታችንም አለቀስን። ዶክተሯ በር ላይ ቆማ አየችን። ምን አለች ብላ አልጠየቀችኝም፤ ትርጉም አላስፈለጋትም።

የኔ እግር ማበጥ የጀመረው በስምንተኛው ወር ነው። መጀመሪያ ጫማዬ ጠበበኝ። ቀጥሎ ቀለበቴ አልወጣ አለ። ጣቴን እግሬ ላይ ስጫን ጉድጓዱ ይቀራል። ክፍል ውስጥ ቆሜ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ስጽፍ ፊደሎቹ ብልጭ ቢሉብኝስ እያልኩ በየደቂቃው ዓይኔን እፈትነዋለሁ። በዚያ ላይ የሆስፒታሉ ኢንሱሊን አለቀ። አዲስ አበባም የለም ይባላል፤ አለም ይባላል። ያዳነን ጎረቤታችን የነበሩ አንድ የጉራጌ ነጋዴ ናቸው። ሱቃቸው ከቤታችን ፊት ለፊት ነው፤ ሐጂ ነበሩ። የጭነት መኪናቸው መርካቶ ሲሄድ ለሾፌራቸው ፔርሙዝ ሰጥተው፣ በረዶ አስሞልተው ኢንሱሊኑን ካለበት ፈልጎ እንዲያመጣ አዘዙት። መጣ። አማቴ ብልቃጦቹን በእርጥብ ኮባ ጠቅልለው፣ ጓሮ ከእንሰቱ ሥር ጥላ ያለበት፣ እርጥበት የማያጣ ጉድጓድ ውስጥ በእንስራ አኖሯቸው። ፍሪጅ በሌለበት ቤት እስከ መጨረሻው ቀን ቀዝቃዛ ሆኖ ቆየልኝ።

ዶክተሯ ሽንቴን ስታፈላ ጫፉ እንደ ጭጋግ ደፈረሰ። ሌላ ቱቦ አፈላች። ያም ደፈረሰ።

«ኩላሊቴ ነው?» አልኳት።

«ኩላሊትሽም ይሆናል፤ እርግዝናውም ይሆናል። ሁለቱም ሊሆን ይችላል። አሁን መለየት አልችልም። የሚለየው ከወለድሽ በኋላ ነው።»

እንድተኛ ተደረገ። ወቅቱ ክረምት ነው፤ ዝናቡ ያባራል፣ ይመጣል። አዲስ አበባ ልላክ ተብሎ ነበር፤ መንገዱ ላይ አውቶቡሶች ጭቃ ውስጥ ተይዘው ያድራሉ ተባለና ቀረ። የኛ የወንጌላውያኑ ቤተ ክርስቲያን ያኔ በመንግሥት ታሽጎ ስለነበር የጸሎት ቡድናችን ሴቶች በየቤቱ በቀስታ ነበር የሚሰበሰቡት። ሆስፒታል ሊጠይቁኝ ሲመጡ ሁለት ሁለት እየሆኑ፣ እንደ ጠያቂ ምሳ ዕቃ ይዘው ገብተው፣ ብርድ ልብሴን የሚያስተካክሉ መስለው አጎንብሰው ይጸልዩልኝ ነበር። አንዱ አስታማሚ፣ «ጓዲት፣ አንቺን የሚጠይቅ ሁሉ ብርድ ልብስሽን ለምንድን ነው የሚያስተካክለው?» ብሎ ጠየቀኝ። ይበርደኛል አልኩት።

አንድ ጠዋት ግፊቴ ሲለካ ዶክተሯ መለኪያውን ሁለተኛ ጊዜ አሰረችው፤ ከዚያ ፈታችውና አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«ዛሬ እናውጣው» አለችኝ። «ጊዜው ትንሽ ቀርቶታል። ግን ከዚህ በላይ ውስጥ መቆየቱ ይበልጥ ያስፈራኛል።»

«እርስዎ ምን ይመስልዎታል?»

«ሁለታችሁም የምትተርፉ ይመስለኛል።»

ከአንቺ ጋር እሠራለሁ ካለችኝ ጀምሮ እንዲህ ብላኝ አታውቅም ነበር። ሁልጊዜ አላውቅም፣ እናያለን ነው የምትለው። ስለዚህ አመንኳት። ባሌ በር ድረስ አልጋውን እየገፋ ሸኘኝ። የእጄን ሰዓት ፈቶ ኪሱ ከተተ።

ከማደንዘዣው ስነቃ መጀመሪያ ያየሁት የአማቴን ፊት ነው። ጉሮሮዬ ደርቋል።

«ልጁስ?» አልኩ።

«አለች» አሉኝ።

«ሴት ናት?»

«ወንድ ናት!»

ያኔ እንኳ፣ እንደዚያ ሆኜ፣ ቁስሌ እያመመኝ ሳቅኩ። ግን ፊታቸው እንደ ቃላቸው አልነበረም። የት ነው ስላቸው ወደ በሩ አዩ። ልጁ ሲወጣ ትልቅ ነበር፤ ጉንጩ ሙሉ፣ ትከሻው ሰፊ፤ ወዲያው አልቅሷል። ትንሽ ቆይቶ ግን መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ላቡ ይወርዳል፤ መጥባትም አይችልም። እናቱ ሆድ ውስጥ ስኳር ለምዶ የነበረ ልጅ ሲወጣ ስኳሩ ድንገት ይወርድበታል። ዶክተሯ ይህን አስቀድማ ነግራኝ ነበር፤ ዝግጅቱንም አስቀድማ አድርጋለች። ከጭንቅላቱ ላይ ክር የምታህል ሥር አግኝታ ግሉኮስ አስገባችለት፤ ከጎኑም አልተነሣችም። ምሳ አልበላችም። ባሌ በመስኮቱ መስታወት እያየ መጥቶ ይነግረኛል። «አሁን እጁን አንቀሳቀሰ።» «አሁን ተኛ።» «አሁን ዶክተሯ አዛጋች።»

ፀሐይ ወደ ምዕራብ ስትል ዶክተሯ ራሷ አቅፋ አመጣችው። ነጭ ጋውኗ ላይ ሸንቶባታል።

«ይኸው» አለችኝ። «ርቦታል።»

ጡቴን ያዘ። አጥብቆ ያዘ። አማቴ እልል ሊሉ አፋቸውን ሲከፍቱ፣ ሆስፒታል መሆኑ ትዝ ብሏቸው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ደፉ፤ ከነጠላው ውስጥ ግን እልልታው አመለጣቸው። የወንዶች ክፍል ድረስ ተሰማ አሉ።

ለብዙ ሰው ታሪኩ እዚህ ላይ አለቀ። ልጁ ደኅና ነው፤ እናቲቱም ደኅና ነች። ለእኔና ለዶክተሯ ግን አንድ ነገር ቀርቶ ነበር። የእግሬ እብጠት ጎደለ፤ ግፊቴ ወረደ፤ ከአራስ ቤት ወጥቼ ለምርመራ ስመለስ ግን ሽንቴ አሁንም እንደ ጭጋግ ደፈረሰ። ካለፈው ቀነስ ብሏል፤ አልጠፋም። «ገና ነው፤ ጊዜ እንስጠው» አለችኝ። ጊዜ ሰጠነው። በሚቀጥለው ስመለስም አለ። ልጄን እያጠባሁ፣ እንደዚያ ሲወፍርልኝ እያየሁ፣ አዲስ አበባ እንዳትወልጂ ያሉኝን ሽማግሌ ሐኪም አስባቸው ነበር። ልጁን አሳድጌ ሳልጨርስ ኩላሊቴ ቢያልቅስ? ለባሌ አልነገርኩትም፤ ግን ያውቅ ነበር። እሱም ለእኔ አልነገረኝም።

በሦስተኛው ወር ስሄድ ሰማዩ ተከፍቶ፣ መስኩ በአደይ ቢጫ ሆኖ ነበር። ላቦራቶሪዋ ውስጥ ዶክተሯ መብራቱን ለኮሰች። ቱቦውን አዘንብላ ጫፉን ብቻ ታፈላለች። አፈላች። አየችው። ወደ መስኮቱ ይዛው ሄደች፤ ብርሃኑ ላይ አዞረችው። ጠብታ አሲድ ጨምራ እንደገና አፈላችው።

«ነይ፣ አንቺ እዪው» አለችኝ።

ሄጄ አየሁ። የመስኮቱ ፍርግርግ በቱቦው ውስጥ ጥርት ብሎ ይታያል።

«ምንም የለም?» አልኩ።

«ምንም የለም። የእርግዝናው ነበር ማለት ነው። ኩላሊትሽ ተርፏል።» ከዚያ ወንበሯ ላይ እንደ ደከመ ሰው ተዘረጋችና ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ የምታለቅስ መሰለኝ፤ ስትገልጠው ግን እየሳቀች ነበር። «ታውቂያለሽ፣ ሌሊት ሌሊት ያንቺን ቱቦ ነበር የማልመው» አለችኝ።

ተቃቀፍን። ምን ብዬ እንዳመሰገንኳት አላስታውስም።

ባሌ ሕመምተኞች ተራ የሚጠብቁበት ግቢ በር ላይ ልጁን አቅፎ ቆሞ ነበር። እንባዬን እያበስኩ ስወጣ ሲያየኝ ፊቱ አመድ መሰለ። ወደ እኔ መራመድ ጀመረና ቆመ።

«ምን አለች?» አለኝ።

«ጠራ» አልኩት።

«ምን?»

«ጠራ!»

«ምኑ ነው የጠራው? ማንን ጠራ?»

«ሽንቴ!» ብዬ ጮህኩ። «ሽንቴ ጠራ!»

ግቢው ውስጥ የነበረ ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ባሌ ልጁን እንዳቀፈ አግዳሚው ላይ ዝርግት ብሎ ተቀመጠ፤ መጀመሪያ በቀስታ፣ ከዚያ ልጁ እስኪነቃ ድረስ መሳቅ ጀመረ። እኔም ነጠላዬን ፊቴ ላይ አድርጌ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ከጎናችን ምርኩዛቸውን ይዘው ተራ የሚጠብቁ አንድ ሽማግሌ ሰውዬ ነበሩ። ምን እንደተፈጠረ ባይገባቸውም ደስታ መሆኑ ገብቷቸዋል። ኮፍያቸውን ከፍ አደረጉና፣

«እንኳን ጠራልሽ፣ ልጄ» አሉኝ።